ምዕራፍ 6፦ ከመቁረጫው ወዲያና ወዲህ

እንበልና አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን ስልኳ ላይ ከፍታ አየች፤ ከ600 ነጥብ 330። ከሕፃንነቷ ጀምሮ "ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?" ሲሏት "ዶክተር" ስትል የኖረች ናት። እናቷ ከግማሽ በላይ ማምጣቷን ስትሰማ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ተመስገን!" ትላለች። ልጅቱ ግን ክፍሏ ገብታ ታለቅሳለች፤ አብራት ስታጠና የከረመችው ጓደኛዋ 470 አምጥታለች፤ የትምህርት ቤቱ ሰቃይ ደግሞ ከ500 በላይ። ማታ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ "በዚህ ውጤት ሜዲሲን እንኳ አይታሰብም" ብሎ ይደመድመዋል።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለዚህች ልጅና ለወላጆቿ ነው። እንደ እሷ ያሉ ልጆች በየዓመቱ ብዙ ናቸው፤ የሚነገራቸው ነገር ግን ወይ "ተስፋ ቁረጪ" ነው፣ ወይ ደግሞ "ከፈለግሽ የማይቻል የለም" የሚል ባዶ ማበረታቻ። ሁለቱም ምን እንደምታደርግ አይነግሯትም።

መጀመሪያ ውጤቷን በትክክል እናንብበው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ የሚፈተኑበት ሥርዓት የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በዚያ ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 27,267 ሆኑ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 36,409፣ 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929፣ 8.4 በመቶ። በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱ አማካይ ውጤት ከ100 ወደ 30 ገደማ ነበር። 330 ከ600 ማለት 55 በመቶ ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ በአገር ደረጃ ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙን በልጣለች።

ታዲያ ለምን ታለቅሳለች? ራሷን የምታወዳድረው ከአገሩ ተማሪ ሁሉ ጋር ስላልሆነ ነው። ሜዲሲንን የሚመርጡት በአብዛኛው ከላይ ያሉት ናቸው፤ በእነሱ መካከል 330 ከአማካይ ዝቅ ያለ ነው። የእናቷም ደስታ፣ የእሷም እንባ ልክ ናቸው፤ የሚቆጥሩት ግን ሌላ ሌላ ሰልፍ ነው። ወላጆች ይህን ልዩነት እንዲያውቁት አጥብቄ እፈልጋለሁ። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠናው የቀደመችን ልጅ "ሰነፍ" ብሎ መስደብ በደል ነው። በሌላ በኩል "አለፍሽ እኮ፣ ምን ጎደለሽ?" ብሎ ዝም ማሰኘትም የሚጠብቃትን ፉክክር እንዳታይ ይከልላታል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ በ330 እና በ338 መካከል ያለው ልዩነት ስለ ሁለት ልጆች ምን ይነግረናል? በጣም ጥቂት። ፈተናው ምርጫ ያለው ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነችበትን ጥያቄ ማንኛዋም ተማሪ ትገምታለች። ሁለት እኩል የሚያውቁ ተማሪዎች በስድስቱ ትምህርቶች በእያንዳንዱ 8 ጥያቄ ገመቱ እንበል፤ በድምሩ 48 ግምት ነው። አራት አራት ምርጫ ካለው፣ እያንዳንዳቸው በአማካይ 12ቱን ያገኛሉ። ዕድል ግን ሁሉንም እኩል አትጎበኝም። የሒሳቡ ስሌት እንደሚያሳየው አንዷ 9፣ ሌላዋ 15 ብታገኝ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። እንደ ሒሳብ ባሉ የጥያቄው ብዛት ከ100 በሚያንስባቸው ትምህርቶች ደግሞ አንድ ጥያቄ ከአንድ ነጥብ በላይ ይመዝናል። በእውቀት ቅንጣት ሳይበላለጡ በ6 ወይም በ8 ነጥብ ይለያያሉ ማለት ነው፤ በፈተናው ሰሞን የታመመችውን፣ ከቤቷ ርቃ በማታውቀው ዶርም እንቅልፍ ያጣችውን ገና ሳንቆጥር።

መቁረጫ ነጥብ ግን እንዲህ ያለውን ዕድል አያይም። ወንበሩ ውስን ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ መስመር ይሰመራል። መስመሩ የግድ ነው፤ አልቃወመውም። የምቃወመው ከመስመሩ በታች የቀረችውን ልጅ "ሐኪም መሆን የማትችል" ብሎ የሚፈርደውን አስተሳሰብ ነው። መስመሩ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ለዚህ አባባሌ ማስረጃ የምጠራው ከሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎቹን መርጦ ከጨረሰ በኋላ የግዛቷ ምክር ቤት 50 ተጨማሪ ተማሪዎችን እንዲቀበል አዘዘው። ቃለ መጠይቅ ካደረገላቸው 800 ያህል አመልካቾች ጥሩ ደረጃ ያገኙት ሌላ ቦታ ገብተው አልቀዋል። የቀሩት ከ700ኛ በታች የተቀመጡት ነበሩ፤ አብዛኞቹን አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልፈለጋቸውም። 50ዎቹ ከእነዚህ ተወሰዱ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ቡድኖች ያነጻጸሩት ተመራማሪዎች፣ በትምህርቱም ሆነ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ዓመት፣ የተመረጡትንና የተጣሉትን የሚለይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ታተመ።

ሆላንዶች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የሕክምና ወንበርን በዕጣ ሲያድሉ ኖረዋል። ዕጣው ሚዛን ያለው ነበር፤ ውጤቱ ከፍ ያለ ተማሪ ዕድሉ ይሰፋል፣ መካከለኛውም ግን ከዕጣው አይወጣም።

ከእነዚህ ታሪኮች "ውጤት ዋጋ የለውም" የሚል ትርጉም ማውጣት ስህተት ነው። የሂዩስተኖቹ 800 ሰዎች ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት መጀመሪያ በማስረጃቸው ተጣርተው ነው። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መሠረት የሌለው ተማሪ በሕክምና የመጀመሪያ ዓመታት በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂና በባዮኬሚስትሪ ክምር ሥር ይቀበራል፤ ያንን ማንም በምኞት አያልፈውም። የሚያስፈልግ ወለል አለ። ከወለሉ በላይ ያሉትን ግን በጥቂት ነጥብ ደርድሮ ማን ጥሩ ሐኪም እንደሚወጣው መተንበይ አይቻልም። 55 በመቶ ያመጣችው ልጅ፣ እንደኔ እምነት፣ ወለሉ ላይ ቆማለች።

አሁን ወደ መንገዱ። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር፣ የሜዲሲን ጉዳይ በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አለመወሰኑ ነው። የቀድሞው ሥርዓት ተማሪውን ገና ከቤቱ ሳይወጣ "ሜዲሲን ደርሶሃል" ይለው ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል። ሁሉም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጋራ ትምህርት ይወስዳል፤ የሕክምና ምርጫው የሚካሄደው ከዚያ በኋላ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከፍሬሽማን ጂፒኤ ጋር ተደምሮ ይመዘናል፤ የየድርሻው መቶኛ በየዩኒቨርሲቲውና በየዓመቱ ይለያያል፣ የራሱን ፈተና የሚጨምርም አለ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገና ሲቀበል ጀምሮ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው።

ለ330ዋ ልጅ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ሁለተኛ ሚዛን አለ ማለት ነውና። ሁለተኛው ሚዛን ላይ የሚቀመጠውንም አስቀድማ ማወቅ ትችላለች። በፍሬሽማን የመጀመሪያ መንፈቅ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ አሉ። የሳይንስ ተማሪ ነኝ የሚል ሁሉ እነዚህን ይንቃል፤ "ዋናው ማትስ ነው" ብሎ ጂኦግራፊውን ለፈተና ዋዜማ ይተወዋል። ጂፒኤው ግን በክሬዲት እንጂ በፍቅር አይሰላም። ሦስት ክሬዲት ያለው ሳይኮሎጂ ላይ የተገኘ ኤ፣ ሦስት ክሬዲት ካለው ሌላ ኮርስ ኤ ጋር እኩል ነው። እንግሊዝኛና ንባብ ላይ ጠንካራ የሆነች፣ በስሌት ግን ከሰቃዮቹ የምታንስ ልጅ የማትሪክ ክፍተቷን ልታጠብብ የምትችለው እዚህ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ደግሞ ብዙው ተማሪ ከቤት የራቀበት፣ ነፃነት ያገኘበት፣ የሚዘናጋበት ወቅት ነው። በመስከረም ላይብረሪ የለመደች ልጅና በጥር የነቃች ልጅ እኩል አይጨርሱም።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቱሉ ዲምቱ ላለ ቤተሰብ ቅርቡ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙዎች ልጃቸው እዚያ ገብታ ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማር ይመኛሉ። ነገር ግን የምህንድስናና የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሜዲሲን የለውም። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ በቅርበት ሳትታለል ምርጫዋን በሕክምና ትምህርት ቤት ዙሪያ ታድርግ። ከዚያም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን ጥቁር አንበሳን ብቻ አትመልከት፤ ከፍተኛ ውጤት ያለው ሁሉ የሚጎርፈው ወደዚያ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ዲላ፣ አርሲ፣ ወሎ፣ ደብረ ታቦር ሁሉም ሜዲሲን ያስተምራሉ። በእነዚህ ቦታዎች የ330 ልጅ ከሚመደቡት ጋር ስትነጻጸር የምትቆምበት ደረጃ ከፍ ሊል ይችላል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ ነው፤ የአገራችን ቀዶ ሕክምና አባት ስም ያረፈበት ግቢ ውስጥ መማር ከማንም ፊት አንገት አያስደፋም።

ከ50 በመቶ በታች የቀረውስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተከፍቶለታል፤ ለሴት ተማሪዎችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ዙር ምዘናው 70 በመቶው ከማዕከል በመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው ነበር። ያለፈ ተማሪ ፍሬሽማን ሆኖ ይቀጥላል። ለሜዲሲን መወዳደር መቻሉን የሚወስነው ግን የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ መመሪያ ነው፤ ተመዝግቦ ዓመት ከመፍጀቱ በፊት ሬጅስትራር ሄዶ በግልጽ ይጠይቅ። በሪሚዲያል ያለፈ ልጅ ሜዲሲን በቀጥታ ባያገኝ አይደንግጥ፤ ሌላ በር አለ፣ እሱም ጤና መኮንንነት ነው፤ ታሪኩም ረጅም ነው።

በ1945 ዓ.ም. አካባቢ ጎንደር አጠገብ ባለው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ የሚያክም ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሐኪም በሕክምና ትምህርት ቤት አሠልጥኖ ለማድረስ ደግሞ ጊዜ አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠን ጀመረ። የሕክምና ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያን ተሸክሞ የቆየው፣ ገጠር ወርዶ ወባና ኮሌራ ሲዋጋ የኖረው ያ ጤና መኮንን ነው። አንዳንድ ቤተሰብ "ሜዲሲን ሳይደርሳት ጤና መኮንን ገባች" ሲል እንደ ሽንፈት የሚያወራው ታሪኩን ስላላወቀ ነው።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ጤና መኮንኖች በተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማኅፀንና ፅንስ ሕክምና ማስተርስ እየሠለጠኑ፣ ስፔሻሊስት በሌለባቸው ሆስፒታሎች በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ። እናቲቱ ምጥ ይዟት ሌሊት ስትመጣ ቢላውን የሚያነሳው ሰው ማትሪክ ላይ ስንት እንዳመጣ አትጠይቅም።

የጤና መኮንንነቱ በር ወደ ሜዲሲንም ያስገባል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜዲሲን የሚያስተምሩት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። መንግሥት የሐኪም ቁጥር በፍጥነት ማብዛት ሲፈልግ በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን አስጀመረ፤ ከፊሎቹ በሆስፒታል ውስጥ የተቋቋሙ ነበሩ። የተቀበሏቸው ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ምሩቃን ሳይሆኑ በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የባዮሎጂ ምሩቅ በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሐኪም ለመሆን ገቡ። ትምህርቱ በሽተኛንና ችግርን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ክፍል የሚያመጣ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከሚጀምረው የፍጥነት መንገድ ማዶ።

ይህን መንገድ ሐሳቡን ስለምወደው ጭምር ነው የማነሳው። አንድ ሰው አምስት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቶ፣ የሌሊት ተረኝነት ምን እንደሆነ አውቆ፣ ደም አይቶ ሳይሸሽ "ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ" ሲል፣ በ18 ዓመቱ ከፊልም አይቶ ከሚለው ልጅ ይልቅ ቃሉን አምነዋለሁ። መጥፎ ጎኑም መነገር አለበት፤ የመጀመሪያ ዲግሪው አራት ዓመት፣ ሥራው ጥቂት ዓመት፣ ሜዲሲኑ እንደገና አራት አምስት ዓመት። ደመወዝ ተቋርጦ እንደገና ተማሪ መሆን ቤተሰብ ለሚረዳ ሰው ከባድ ነው። የቅበላው ሁኔታም በየዓመቱ የሚወጣውን ማስታወቂያ ተከታትሎ መረጋገጥ አለበት፤ የሰው ወሬ ተይዞ አይኬድም።

የግል ኮሌጆች አሉ፤ ሐያት፣ ቤቴል፣ ኮሪያ ሆስፒታል የምንለው የሚዩንግ ሰንግ ኮሌጅ ይጠቀሳሉ። ክፍያው ከበድ ይላል፤ ብሔራዊ የማለፊያ ነጥብ ያላመጣ ተማሪ እነዚህም ጋ በዲግሪ ሊገባ አይችልም። "ነጥብ አያስፈልግም፣ ክፈሉ ብቻ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የዕውቅና ማስረጃውን ይዛችሁ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሂዱ።

በውጭ አገር ጉዳይ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ውጤት በወጣ ሰሞን ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ የሚለጠፈው "ያለ መግቢያ ፈተና ሜዲሲን በውጭ አገር" የሚል ወረቀት ብዙ ቤተሰብ ቤት አሽጦ ያውቃል። በውጭ የተማረ ሁሉ ተጭበረበረ ማለቴ አይደለም፤ በጥሩ ዩኒቨርሲቲ ተምረው አገር የሚያገለግሉ አሉ። ነገር ግን ልጅ ከመላኩና ቅድመ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ወላጅ ራሱ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄዶ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ዲግሪ እዚህ አቻ ግምት ያገኛል? በልጄ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሄደች ተማሪ ስትመለስ ማስረጃዋ ተቀባይነት ይኖረዋል? መልሱን በጽሑፍ ማግኘት ካልተቻለ ወረቀቱን የለጠፈው ደላላ በጽሑፍ ይስጥ። አልሰጥም ካለ ገንዘቡ ከኪስ አይውጣ።

ሕክምና ስለመምረጥ የሚነገር ሁሉ ስለ መግባት ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። ድሮ አዲስ ሐኪም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በዕጣ ይመደብ ነበር፤ ቦታው ራቅ ቢልም ሥራው የተረጋገጠ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስድስት ሰባት ዓመት ተምረው ቅጥር ያጡ ሐኪሞች አሉ፤ በየጤና ጣቢያው ባለሙያ ሲጎድል ባለሙያው በበጀት እጦት ቤቱ ይቀመጣል። ይህን ለልጅ መደበቅ አይገባም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ምሩቅ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በብሔራዊ ፈተና ያልፋል። በ580 የገባም፣ በ330 የገባም፣ ነርስነቱን ትቶ በመጀመሪያ ዲግሪው የመጣም ያንኑ ወረቀት ይፈተናል።

330ዋ ልጅ አሁን የምትሠራው ሥራ አላት። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹን ስትሞላ የሕክምና ትምህርት ቤት ያላቸውን ለይታ፣ ባለፈው ዓመት በየዩኒቨርሲቲው ሜዲሲን የገቡ ልጆችን ፈልጋ አጠያይቃ፣ የምደባው መቶኛ እንዴት እንደተሰላና የመጨረሻው ጂፒኤ ስንት እንደነበር መዝግባ ትያዝ። ቅጹን አባቷ ወይም የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤት ባለቤት አይሙላላት፤ ራሷ ትሙላው።